ከኮረም የተነሣ ሞገድ

በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ ልጅ ያዘለና ሽማግሌ የደገፈ የዋግ ገበሬ ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ወዳለችው ኮረም ይጎርፍ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍ አክብራ መጨረሷ ነው፤ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ስለ ድል ያወራል።

ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ካነሣው ፊልም ጋር፣ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ረሃቡን «አገኘ» ተባለ። (የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለጋሾችን መማጸኑን ማን ያስታውሳል?)

ያ ሥርጭት ግን ሰው ቤት ገብቶ አልቀረም። የአጭር ሞገድ ሬዲዮን አዮኖስፌር የሚባለው የሰማይ ጣሪያ መልሶ ወደ ምድር ይወረውረዋል፤ የጀርመን ድምፅ ሰቆጣ ድረስ ይሰማ የነበረው በዚሁ ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ ግን ጣሪያውን በስቶ ይወጣል። በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ይሄዳል። የኮረሙ ሞገድ ሲሪየስ የተባለችውን ኮከብ በ1985 ዓ.ም. አልፏታል፤ አርክቱረስ ዘንድ በ2013 ደርሷል። ካፔላ ጋ የሚደርሰው በ2020 ገደማ ነው።

ታዲያ እዚያ አንቴና የዘረጋ ፍጡር ቢኖር ዋግን ያያት ይሆን? አያያትም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሞገዱ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ሰሊቫን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ይህንኑ አስልቶ ነበር፤ እጅግ ትልቅ አንቴና ያለው የሩቅ አድማጭ ሊይዝ የሚችለው ምስሉን ሳይሆን ምስሉን የተሸከመውን ባዶ ጩኸት ነው። ከዚያ ጩኸት መወዛወዝ ምድር በራሷ ዛቢያ እንደምትሽከረከር፣ ፀሐይንም እንደምትዞር ይረዳ ይሆናል። ማን እንደራበው ግን አያውቅም። እኔን መቼም ከስሌቱ ሁሉ የቆጨኝ ይኸው ነው፤ የኮረም ሕፃን ፊት ከዘገባው ሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ ነገር ሆነ።

አርክቱረስ ዘንድ በተደረሰበት በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ ገባ፤ ስልክም ተቋረጠ። አዲስ አበባ ያለ የሰቆጣ ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን ለማወቅ ተፈናቃይ ፈልጎ መጠየቅ ነበረበት።