የስድስት ኪሎ ግቢ የተማሪዎች መድረኮች

የስድስት ኪሎ ግቢ የተማሪዎች መድረኮች የሚባሉት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን የሚካሄዱት የሥነ ጽሑፍ ምሽቶች፣ ክርክሮች፣ የጥናት ጉባኤዎች፣ ዐውደ ርዕዮች፣ የማኅበራትና የበጎ ፈቃድ ሥራዎች እንዲሁም የምርቃት ሰሞን ዝግጅቶች ናቸው። ከዩኒቨርሲቲው የወጡ ብዙ ደራስያን፣ የመድረክ ሰዎችና ፖለቲከኞች በሰው ፊት ቆሞ መናገርን የለመዱት እዚህ ነው። የግቢውን ታሪክ በፋኩልቲዎቹና በዲግሪዎቹ ብቻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ይተወዋል።

ከፍተኛ ትምህርት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1942 ዓ.ም. አራት ኪሎ በተመሠረተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ወደ ስድስት ኪሎ የመጣው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ በሰጡ ጊዜ ሲሆን፣ በስማቸው የተሰየመው ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ተመረቀ። ያ ቤተ መንግሥት ልክ ከዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ማብቂያ ላይ፣ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ባለሥልጣናት የተረሸኑበት ነው። ተማሪዎቹ የገቡት የባሩዱ ሽታ ገና ከሰው ልብ ወዳልጠፋበት ቤት ነበር፤ ግቢው ገና ከጅምሩ ከፖለቲካ ርቆ ሊኖር ያልቻለበት አንዱ ምክንያትም ይህ ይመስላል።

ከመድረኮቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የኮሌጅ ቀን ነው። በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ይከበር የነበረው ይህ በዓል ስፖርትም ጨዋታም ነበረው፤ ሰው በጉጉት የሚጠብቀው ግን የግጥም ውድድሩን ነበር። ተማሪዎች ግጥማቸውን ያስገባሉ፣ ዳኞች ያወዳድራሉ፣ የተመረጡት በታዳሚው ፊት ይነበባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተው ያዳመጡባቸውና የሸለሙባቸው ጊዜያት ነበሩ። በዚያ ዘመን ስለ ድኻው ኑሮ በጋዜጣ እንደ ልብ መጻፍ አይታሰብም፤ በግጥም ግን፣ ለዚያውም በንጉሡ ፊት፣ ይነገር ጀመር። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም.፣ ተማሪዎቹ ገና አራት ኪሎ ሳሉ፣ ያቀረበው «ደሃው ይናገራል» ዘመኑን ያስደነገጠ ግጥም ነበር። በ1958 የኢብሳ ጉተማ «ማነው ኢትዮጵያዊ?» ቀረበ፤ በዓመቱ ደግሞ ገሞራው በሚል የብዕር ስም የታወቀው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ በዓለም የሥልጣኔ ፈጣሪዎች ላይ እርግማን የሚያዘንብበትን «በረከተ መርገም» አነበበ። ቅኔ ለሰሚው ብልህነት የሚተወውን ነገር እነዚህ ወጣቶች በግልጽ አማርኛ አወጡት። ከዚያ በኋላ በመጣው የተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ የግጥም ውድድሩ ያለው ድርሻ ከየትኛውም ሰላማዊ ሰልፍ አያንስም።

የኪነ ጥበቡ ሌላ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኪነ ጥበባት ማዕከል ነው፤ ዛሬ የባህል ማዕከል የሚባለው የእርሱ ወራሽ ነው። ግብፃዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤልዳብህ በዚያው ዓመት ክራርን፣ መሰንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያደራጀው እዚህ ነበር። እነዚህ መሣሪያዎች እስከዚያ ድረስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ ነበራቸው፤ በገና ለጸሎትና ለጾም፣ መሰንቆ ለአዝማሪ ቤት። በአንድ ላይ ተቀምጠው እንዲጫወቱ ማድረግ ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ ያን ድፍረት የፈቀደው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መድረክ ነው። የቴአትር ባለሙያው ተስፋዬ ገሠሠም ማዕከሉን በኃላፊነት ከመሩት መካከል ነው። ማዕከሉ እስከ ዛሬ ተማሪዎችን በቴአትር፣ በሙዚቃና በሥነ ጽሑፍ ያሠለጥናል፤ የምሕንድስናም የሕግም ተማሪ ግጥሙን ይዞ የሚመጣበት ቦታ ነው።

ራስ መኮንን አዳራሽ ከሁሉም በላይ ብዙ ያየ ቤት ነው። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. እዚያ የተሰናዳው የፋሽን ትርኢት ተቃውሞ ቀስቅሶ ፖሊስ ጣልቃ ገባ፤ ተማሪዎችም ታሰሩ። ተቃዋሚዎቹ ትርኢቱን ከውጭ የተጫነ ባህል፣ ለድኻ አገር የማይገባ ቅንጦት አድርገው ነበር ያዩት። የአጭር ቀሚስ ጉዳይ ሴት ተማሪዎችን ለማሸማቀቅ ሰበብ መሆኑ ግን ሊካድ አይገባም። የተማሪዎቹ ማኅበርና «ስትራግል» የተባለው መጽሔቱ የመሬትን፣ ቀጥሎም የብሔረሰቦችን ጥያቄ ወደ አደባባይ አወጡ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ተገደለ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ከበው በግቢው ውስጥ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኮሱ።

ሁሉም ዕድል ግን በግቢ አጥር ውስጥ የታጠረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ሥርዓት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲሠሩ ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ በመምህርነት ተመደቡ። የአዲስ አበባ ልጅ ጭሰኛ የሚባለውን ገበሬ በዐይኑ ያየው፣ የወረዳውን ዳኛና የባላባቱን ደጅ ያወቀው በዚያ ዓመት ነው። «መሬት ለአራሹ» የሚለውን ጥያቄ ብዙዎች በመፈክር ሰምተውት ነበር፤ ከአገልግሎት ሲመለሱ ግን በስም የሚያውቁት ሰው ጉዳይ ሆኖባቸው ተመለሱ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትምህርት አስቁሞ ወደ 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራንን ወደ ገጠር ያሠማራበት የእድገት በኅብረት ዘመቻ መልኩ ተመሳሳይ ቢመስልም መንፈሱ ሌላ ነበር። በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲው የዛሬ ስሙን ሲያገኝ፣ የነፃ መድረኮቹ ዘመን ግን ለረጅም ጊዜ ተዘጋ።

ጸጥ ያለውና በተማሪው ዘንድ ብዙም የማይጎበኘው ሀብት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሪቻርድ ፓንክረስት መሪነት ተመሥርቶ በገነተ ልዑል ውስጥ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ይዟል። ከሕንፃው ፊት ወደ ሰማይ የሚወጣ የደረጃ ሐውልት አለ፤ ጣሊያኖች ሙሶሊኒ በሥልጣን ላይ የቆየባቸውን ዓመታት እያንዳንዱ እርከን እንዲያመለክት ብለው የሠሩት ነው። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ፎቅ ላይ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች ይጎበኛሉ፤ መስታወቱ ላይ ከ1953ቱ ግርግር የቀረ የጥይት ቀዳዳ ይታያል። በ1958 ዓ.ም. ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ አስተናጋጁ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ነበር። በእንዲህ ያሉ ጉባኤዎች ላይ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ስማቸውን በመጽሐፍ ሽፋን ብቻ የሚያውቃቸውን ሊቃውንት ሲከራከሩ ማዳመጥ ይችላል። ከዚያም ወጣ ብሎ፣ ስድስት ኪሎ ላይ፣ በሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዩኒቨርሲቲው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ዛሬ የተማሪው ዓመት በሌላ ዓይነት ዝግጅቶች የተሞላ ነው። የሕግ ተማሪዎች በምስለ ችሎት ይወዳደራሉ። ክበባት ደም ያስለግሳሉ፤ ለተቸገሩ ልብስና መጻሕፍት ያሰባስባሉ። የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከሃይማኖት ነፃ በመሆናቸው የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤ፣ የወንጌላውያኑ ኅብረትና የሙስሊሞቹ ጀመዓ አብዛኛውን መርሐ ግብራቸውን በአቅራቢያ ባሉ ቤተ እምነቶች ያካሂዳሉ። ከቤተሰቡ ርቆ ለመጣ ፍሬሽ ተማሪ የመጀመሪያውን ጓደኛ የሚያስገኙለት ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው። ጂሲ የሚባሉት ተመራቂዎች ደግሞ የመጨረሻ ወራቸውን በባህል ቀንና በከለር ዴይ ያሳልፋሉ፤ ቲሸርት ላይ ይፈራረማሉ። በምርቃት መጽሔታቸው ላይ ከፎቷቸው ሥር የሚያሰፍሩትን አጭር ቃል ላስት ወርድ ይሉታል፤ ለእናት ምስጋና፣ ለፈጣሪ ውዳሴ፣ አንዳንዴም ለዶርም ልጆች ስንብት ይሆናል። እነዚህን እንደ ቀልድ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ኮሚቴ መርጠው፣ ከማተሚያ ቤት ተከራክረው አንድን ሥራ ከዳር ማድረስን የሚማሩበት ግን እዚህ ነው።

በእነዚህ ዕድሎች ሁሉም እኩል አይጠቀምም። የሥነ ጽሑፍ ምሽት ዶርም ላለው ቅርብ ነው፤ ከሰሚት ወይም ከጀሞ ለሚመላለስ ተማሪ ግን የታክሲ ሰልፍ ከመጨረሻው ግጥም በፊት ያስነሣዋል። ለሴት ተማሪ ሲመሽ መመለስ የባሰ ይከብዳል። ማስታወቂያው ድሮ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ያለፈ ሁሉ ያየው ነበር። ዛሬ በየዲፓርትመንቱ የቴሌግራም ቻናል ይበተናል፤ በቻናሉ የሌለ አይሰማም። ዝግጅቱን በምሳ ሰዓት ወይም ቅዳሜ ጠዋት ማድረግ፣ ማስታወቂያውን በካፌው በር ላይም መለጠፍ ወጪ የሌለው ነገር ነው፤ እንዲህ የሚያደርጉ ክበባትም አዳራሻቸው ባዶ አይሆንም።