ሳይናገሩ መናገር፦ ፊት፣ ዐይንና ዝምታ በጉርብትናና በሥራ ቦታ

ከጃጁራ ተነስቶ ሆሳዕና ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ወጣት ሁለት የሚጋጩ ትምህርቶችን ይዞ ነው የሚገባው። ቤተሰቡ ታላቅ ሲያናግርህ ዐይንህን ዝቅ አድርግ፣ ድምፅህን አታንሳ፣ ስትጨብጥ ቀኝ ክንድህን በግራ እጅህ ደግፍ ብሎ አሳድጎታል። የሥራ ፍለጋ ሥልጠናው ደግሞ ጠያቂህን ዐይን ለዐይን ተመልከት፣ ድምፅህ ይሰማ ይለዋል። አመልካቿ ሙስሊም ሴት ከሆነች ሌላም ይጨመራል፤ ወንዱ ጠያቂ እጁን ሲዘረጋ ምን ታድርግ? ገና ስሟን ሳትናገር ስለ እርሷ የሆነ ነገር ተወስኗል ማለት ነው።

ይህ በትምህርት ቤት ቃል አልባ ተግባቦት የሚባለው ነው። የፊት ገጽታ፣ አስተያየት፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ አቀማመጥ፣ የድምፅ ቃና፣ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ርቀትና ዝምታ ሁሉ በውስጡ ይካተታሉ። በዐረብኛ ኢሻራ የምንለው ከእነዚህ ውስጥ ሆን ተብሎ የሚሰጠውን ምልክት ነው።

በየሥልጠናው ከመልእክታችን 93 በመቶው ያለ ቃል ይተላለፋል የሚል አባባል ይደጋገማል። ምንጩ አልበርት መህራቢያን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሟቸው ጥናቶች ናቸው። ጥናቶቹ ግን የመረመሩት ውስን ነገር ነበር፦ ሰው ስለ ስሜቱ ሲናገር ቃሉ፣ ድምፁና ፊቱ ቢጋጩ ሰሚው የትኛውን ያምናል? ምሁሩ ራሳቸው ቁጥሩ ለማንኛውም ንግግር እንደማይሠራ ገልጸዋል። ደመወዝህ ስንት እንደሆነ በቅንድብ አይነገርም! ይልቅ የሚጠቅመን ትክክለኛው ግኝት ነው፤ ቃልና ፊት ሲጋጩ ሰው የሚያምነው ፊትን ነው።

ቁርኣን ለፊት የሰጠውን ቦታ ለማየት ሱረቱ ዐበሰ ይበቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ ሹማምንትን ወደ ኢስላም እየጠሩ ሳለ ዐይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) መጣ፤ ፊታቸውንም አኮሳተሩ። መጪው አላየም፤ ሊያይም አይችልም። ሆኖም አላህ (ሱ.ወ.) ጉዳዩን እስከ ቂያማ የሚነበብ ሱራ አደረገው። ይህ ሶሐባ በኋላ ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር ሙአዚን ሆነ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ሲወጡም ከአንድ ጊዜ በላይ ተክተውታል።

ከዚህም ይበልጥ ዝርዝር ያለው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ከተቡክ ዘመቻ ያለ ምክንያት በመቅረቱ ለ50 ሌሊት ማንም እንዳያናግረው ተደረገ። ከዕብ በእነዚያ ቀናት የቀረለት የሰው ፊት ማንበብ ብቻ ነበር። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰላም ይልና ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ይሆን እያለ ያስባል። በአጠገባቸው እየሰገደ በስርቆት ያያቸዋል፤ ወደ ሶላቱ ሲያተኩር ያዩታል፣ ወደ እርሳቸው ሲዞር ፊታቸውን ያዞራሉ። ተውበቱ ተቀባይነት ባገኘ ዕለት መስጂድ ሲገባ ከሙሃጅሮች መካከል ጠልሓ ኢብኑ ዑበይዲላህ (ረ.ዐ.) ብቻ ተነስቶ እየሮጠ ጨበጠው። ከዕብ ያቺን አነሳስ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳትም። ከመቀመጫ መነሳት ምንም ወጪ የለውም፤ ለሰው የሚሰጠው ግን ይህን ያህል ነው።

ምልክት ግን እንደ ቃል ሁሉ አገር አለው። እኛ አገር አየር ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ «አዎ» ማለት ነው፤ የውጭ ሰው ግን ያስደነገጥነው ይመስለዋል። ርቀቱ በአንድ አገር ውስጥ ላሉ ሰዎችም አለ። ነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆሳዕና ሆነች፤ ሌሎች ቢሮዎችም ወራቤን፣ ወልቂጤንና ዱራሜን በመሳሰሉ ከተሞች ተከፋፈሉ። ሀዲያው፣ ስልጤው፣ ጉራጌው፣ ከምባታውና ሀላባው፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ይዘዋል። አንዱ በአክብሮት ያደረገውን ሌላው በኩራት ወይም በፍርሃት ሊተረጉመው ይችላል።

ዐይንን መስበር ዋናው ምሳሌ ነው። በሱረቱ ኑር ምእመናንና ምእመናት ዐይናቸውን እንዲሰብሩ ሲታዘዙ «ሚን» የሚለው ቃል ገብቷል፤ በርካታ ሙፈሲሮች ከዕይታ ከፊሉን ማለት ነው ብለውታል። የተከለከለው ሐራም የሆነው ዕይታ እንጂ ሰው ሲያናግሩ መሬት መሬት ማየት አይደለም። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ የጠያቂውን ፊት እያዩ መመለስ፣ ሲያስቡ ዝቅ ማድረግ፣ ከሌላ ጾታ ጋር ሲሆንም አለማፍጠጥ ከዲንም ከሥራም ጋር አይጋጭም። ዐይኑን ዝቅ ያደረገን አመልካች «በራሱ አይተማመንም» ብሎ ነጥብ የሚቀንስ ጠያቂ ደግሞ የሚመዝነው ችሎታን ሳይሆን አስተዳደግን ነው።

ወደ ተዘረጋው እጅ ስንመለስ፣ አብዛኞቹ ዑለማእ መሕረም ያልሆነን ተቃራኒ ጾታ መጨበጥን ይከለክላሉ። እኔ እንደማየው የሥራ ባልደረባን የሚያስቀይመው እጅ መከልከሉ ሳይሆን ፊትም አብሮ መከልከሉ ነው። እጅን ሰብስቦ፣ ፊትን አዙሮ ዝም ማለት እንደ ንቀት ይነበባል። ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ፈገግ እያሉ «ይቅርታ፣ በሃይማኖቴ ምክንያት አልጨብጥም፤ እንዴት ነዎት?» ማለት ሌላ ነው። ቢቻል ደግሞ ሥራ በተጀመረበት ሳምንት አስቀድሞ መናገር። ለወንድም ፊት ፈገግታ ሶደቃ መሆኑን የሚናገረው፣ ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲሥ ቢሮ ሲገባ አይታገድም።

በየቢሮው ችላ የተባለ ሌላም ምልክት አለ። ሦስት ሰዎች ባሉበት ሁለቱ ሦስተኛውን ትተው እንዳይንሾካሾኩ በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲሥ ተከልክሏል፤ ምክንያቱም ያሳዝነዋል። ሦስተኛው በማያውቀው ቋንቋ መነጋገርንም ዑለማእ በዚሁ አስገብተውታል። ሀዲይሳ፣ ከምባቲሳና ስልጥኛ በሚነገርበት ቢሮ ይህ የዕለት ተዕለት ፈተና ነው። የማይሰማው ሰው ቃሉን ባያውቅም ሳቁንና ወደ እርሱ የተወረወረውን ዐይን ያነባል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከተባለው የከፋውን ይገምታል።

ዝምታን ስናነብ ፊቅህ የተጠነቀቀውን ያህል ብንጠነቀቅ ጥሩ ነበር። አግብታ የማታውቅ ልጃገረድ ለጋብቻ ስትጠየቅ ዝምታዋ ፈቃድ መሆኑ በሐዲሥ ጸድቋል፤ ምክንያቱ ሐያእ ነው። ፉቀሃእ ግን በዚያ አላቆሙም፦ እያለቀሰች ዝም ብትልስ? በማላገጥ ብትስቅስ? ብለው ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በኦቶማን መንግሥት የተዘጋጀው መጀላ የተባለው ሕግ በአንቀጽ 67 ዝም ላለ ሰው ንግግር እንደማይለጠፍበት፣ ነገር ግን መናገር ግድ በሚሆንበት ቦታ ዝምታ እንደ ንግግር እንደሚቆጠር ደንግጓል። አንቀጽ 70 ደግሞ መናገር የማይችል ሰው የታወቀ ምልክቱ እንደ ንግግሩ መሆኑን ይገልጻል። (በሆሳዕናው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት የሚነገረው የምልክት ቋንቋ ግን ከዚህም ያልፋል፤ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው።) ቁልፉ «የታወቀ» የሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙ በሁለቱ ዘንድ ያልታወቀ ምልክት ማስረጃ አይሆንም።

ስብሰባ መጨረሻ ላይ «ተቃውሞ ያለው አለ?» ተብሎ ሁሉም አንገቱን ሲደፋ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ቃለ ጉባኤ መጻፍ የተለመደ ነው። ከአለቃው በዕድሜ የሚያንስ፣ ታላቅ ፊት አትከራከር ተብሎ ያደገ ሠራተኛ ግን አንገቱን የደፋው ስለተስማማ ላይሆን ይችላል። ሰብሳቢው ከታናሹ ጀምሮ እያንዳንዱን በስሙ ቢጠይቅ፣ አሊያም አስተያየቱን በጽሑፍ ቢቀበል፣ ያ ዝምታ ምን እንደነበር ያውቃል።