አንድ ቤት፣ ሦስት አገር፦ የቦታ ስም ክርክር በባቡሩ መስመር

አምቡሊ ሲባል አንዱ አውሮፕላን ማረፊያውን ያስባል፣ አንዱ ሰፈሩን፣ ሌላው ዝናብ ሲጥል የሚያስፈራውን ደረቅ ወንዝ። ፈረንሳይኛ «ቡ» የሚለውን ድምፅ ሲጽፍ ሁለት አናባቢ ስለሚደረድር፣ እንግሊዝኛ የለመደ ሰው «አምቦውሊ» ብሎ ያነበዋል። ይህ ቀላሉ ነው። ከዚህ ተነስተን መስመሩን ይዘን ወደ ላይ ስንወጣ ጠቡ ይበረታል፤ ዛሬ ጠቡ ያለው ደግሞ ማንም ሰው ገብቶ ሊያርመው በሚችለው በዊኪፔዲያ ላይ ነው።

ድሬዳዋን እንውሰድ። የባቡሩ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ከታች በሜዳው አለፈ፣ በ1902ም ዛሬ ድሬዳዋ ከምንላት ቦታ ደረሰ። ለአዲሲቱ ከተማ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፤ በመንግሥት የወጣው ስም ቀረና ድሬዳዋ ጸና። ድሬዳዋ ማለት ምን ማለት ነው ሲባል ደግሞ ሶማልኛ ተናጋሪዎች ከድር ጎሣና መሬት ላይ ከተተከለ ጦር ጋር ያያይዙታል፣ በኦሮምኛ የሚፈቱት «የመድኃኒት ሜዳ» ይሉታል። አንዱ ጽፎ ሲሄድ ሌላው ይሰርዛል፣ የመጀመሪያው ተመልሶ ይጽፋል።

የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለዚህ ልጓም አለው። አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ አንድን ገጽ ከሦስት ጊዜ በላይ ወደ ኋላ ቢመልስ ሊታገድ ይችላል። ከዚያ በኋላ መነጋገር ግድ ነው፤ ንግግሩም «እውነቱ የማን ነው» ሳይሆን «የት ታትሟል» የሚል ነው። ሁለቱም አፈታቶች የታተመ ምንጭ ካላቸው ሁለቱም ይጻፋሉ፣ እንዲህ የሚለው ማን እንደሆነም አብሮ ይነገራል። አንዳንዱ ክርክር ደግሞ እስከዚህም አያደርስም። አንዱ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው፣ ሌላው በ1902 ነው ብለው ቢሟገቱ፣ የመጀመሪያው የያዘው የእኛን አቆጣጠር ስለሆነ ሁለቱም ልክ ናቸው።

የገጹ ርዕስ የሚመረጠው ደግሞ በብዛት በሚሠራበት ስም ነው፤ የመንግሥት አዋጅ ብቻውን አይበቃም። የዩክሬን ዋና ከተማ በእንግሊዝኛው ገጽ ከ«ኪየቭ» ወደ «ኪይቭ» የተዛወረችው በ2020 ነው፣ ትልልቆቹ የዜና ድርጅቶች አጻጻፋቸውን ከቀየሩ በኋላ። በእኛ መንገድ ላይ ያለችው አዳማ በ2000 ስሟ በይፋ ተመልሶላት ዛሬ ርዕሱም አዳማ ነው። ናዝሬት ግን አልጠፋም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣ ስም ነው፣ በብዙ ሰው አፍና በድሮ ወረቀት ላይ አለ። የልደት ወረቀቱ ናዝሬት፣ ፓስፖርቱ አዳማ የሚል ሰው ሁለቱ አንድ ከተማ መሆናቸውን የሚያስረዳበት ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የቀድሞውን ስም ከገጹ የሚሰርዝ ሰው፣ ፖለቲካው ምንም ይሁን ምን፣ የሚጎዳው ይህን ሰው ነው።

ለእኔ ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ የተገኘው ከእኛ በጣም ርቆ፣ በፖላንዷ የወደብ ከተማ ላይ ነው። ግዳንስክ ትባል ወይስ በጀርመንኛው ዳንዚግ? የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ጸሐፊዎች ከረጅም ንትርክ በኋላ በ2005 ድምፅ ሰጡና ዘመኑን ከፈሉት፦ ከ1308 እስከ 1945 ላለው ታሪክ ዳንዚግ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ላለው ግዳንስክ።

ይህን ወደ አምቡሊ እናምጣው። በአንድ ግቢ ሦስት ልጆች ተወለዱ እንበል፤ አንዱ በ1960፣ አንዱ በ1970፣ አንዱ በ1980። የመጀመሪያው የተወለደው በፈረንሳይ የሶማሌ ጠረፍ ነው። ሁለተኛው በፈረንሳይ የአፋርና የኢሳ ግዛት ነው፤ ይህ ስም የወጣው በ1967፣ ከመጋቢቱ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ፣ የሶማሊያ መንግሥት አገሩን የእኔ ነው በሚልበት ጊዜ ስለነበር «ሶማሌ» የሚለውን ቃል ከካርታው አነሣ። ሦስተኛው ጁን 27 ቀን 1977 ነፃ በወጣችው በጅቡቲ ሪፐብሊክ ተወለደ። ግቢው አልተንቀሳቀሰም። ለሦስቱም «ጅቡቲ» ብሎ መጻፍ ለከተማዋ ልክ ነው፣ ለአገሩ ግን የሁለቱን ታሪክ ያጠፋል። በየዘመኑ የነበረውን ስም ጽፎ የዛሬውን በቅንፍ ማስከተል ማንንም አያስቀይምም።

የማይዋጥልኝ ነገር ግን አለ፤ እሱም የምንጭ ጉዳይ ነው። ዊኪፔዲያ ያልታተመ ምስክርነት አይቀበልም። የባቡሩ ኩባንያ ሰዎች ጽፈው አሳትመዋል፣ ስለዚህ እነሱ የሰሙት ስም በእነሱ አጻጻፍ ይጠቀሳል። ሐዲዱ ሳይመጣ በፊት በዚያ ሜዳ ከብት ያጠጡ የነበሩ ሰዎች ቦታውን ምን ይሉት እንደነበር ግን የተላለፈው በአፍ ነው። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም፣ «አያቴ ነግረውኛል» የሚል ሁሉ ቢገባ ማን ያጣራል? ቢሆንም ሚዛኑ ከመነሻው ወደ ጻፈው ያጋደለ ነው። የድሬዳዋ የባቡር ጡረተኞች ዛሬም በመስመሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ፌርማታዎች በሁለትና በሦስት ስም ይጠሯቸዋል። ጠይቆ መመዝገብ፣ የተናጋሪውን ቋንቋና ዕድሜ ማስፈር፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ፣ ከዚያም በመጽሔት ወይም በመጽሐፍ ማሳተም ይቻላል። ያን ጊዜ ከኩባንያው መዝገብ ጎን የሚጠቀስ ሌላ ምንጭ ይኖራል።