አክስቴ ያልነገረችን፣ ማግኔቱ ያየው

ሰሞኑን ከድሮ ተማሪዎቼ አንዷ፣ አሁን ጤና የምታጠና፣ "ቲቸር፣ ኤምአርአይ እኮ ጭንቅላትና አከርካሪ ብቻ አይደለም የሚያየው" ብላ ጻፈችልኝ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሕክምናውን ለእሷ ልተወውና ታሪኩን ላውራችሁ።

እዚህ ዱብሉቅ፣ ከቱላው ጉድጓድ ውሃ የሚወጣው በሰው ሰንሰለት፣ በዘፈን ነው። እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ ወደ ቤት የምትመለሰውን ሴት ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። አክስቴ (ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው) ከአራተኛ ልጇ በኋላ ማህፀኗ ወርዶ እንደዚያው ስትሸከም ዓመታት ቆየች። አንዴ ወደ ጤና ተቋም ሄዳ "የወለደች ሴት ሁሉ እንዲሁ ናት" ተብላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ዝም።

ከሆዳችን በታች ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎች አሉ። ሐኪሞች ለዘመናት ያወቋቸው ሬሳ ከፍተው ነው። የሞተ ጡንቻ ደግሞ ላላ ያለ ነው፤ ሴትዮዋ ስትስል፣ ስትሸከም፣ ስታምጥ ምን እንደሚሆን አይናገርም።

በአገራችን ይህንን ጉዳት ደፍረው ካዩት ግንባር ቀደሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሀምሊን ናቸው። በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የመጡት ለሦስት ዓመት ውል፣ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለመሥራት ነበር (ልዕልቲቱ ራሷ በእርግዝና ሳቢያ በወጣትነቷ ያረፈች ነርስ ነበረች)። ያገኟቸው ምጡ ቀናት የፈጀባቸውን፣ የሕፃኑ ጭንቅላት ሥጋውን ከአጥንት ጋር ጨፍልቆ የበሳባቸውን ሴቶች ነው። ፌስቱላ ማለት ይኸው ነው። በ1974 የራሱን ሆስፒታል ከፈቱለት። ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼ ታካሚ ሆነው ገብተው፣ አልጋ ከማንጠፍ ተነስተው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። እኔ ይህን ለክፍሌ ስናገር ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾክ አንድም አይኖርም።

ቀዳዳው ግን ተሰፍቶም ሽንታቸውን መቆጣጠር የሚያቅታቸው ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ምክንያቱ ሁሌ ቀዳዳው ብቻ አይደለማ!

ኤምአርአይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ጨረር የለውም፤ በኃይለኛ ማግኔት በሰውነታችን ውስጥ ካለው ውሃና ስብ የሃይድሮጅንን ምልክት ያነባል። (ውሃ የሚያነብ ማሽን! ለቦረና ሰው እንዴት ይነገራል?) በ2003 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ጆን ዴላንሲና ባልደረቦቹ አንድ ጊዜ በምጥ የወለዱ 160 ሴቶችንና ያልወለዱ 80 ሴቶችን በማሽኑ አዩ። ከወለዱት 32ቱ ላይ፣ ማለትም ከአምስት አንዷ ላይ፣ ሌቫቶር አናይ የሚባለው ዋናው ደጋፊ ጡንቻ ጉዳት ታየበት። ካልወለዱት አንዷም ላይ አልታየም። "የወለደች ሁሉ እንዲሁ ናት" የሚለው አባባል እዚህ ጋ ወደቀ፤ አራቱ ደህና ናቸው፣ አንዷ ተጎድታለች፤ የተጎዳው ቦታም ይታያል።

ማሽኑ እዚህ የለም፤ ለአክስቴም ብዙ አያስፈልጋትም ነበር፤ የማህፀን መውረድ በምርመራ ብቻ ይለያል። ለእኛ የሚቀርበው የሀምሊን ማዕከል ይርጋለም ነው፤ ሕክምናው በነፃ ነው። እዚያ የሄደ ሰው ካለ መንገዱንና ማረፊያውን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አክስቴ ከፋሲካ በኋላ ለመሄድ እሺ ብላለች።