የበዴሳ ሜዳና በእግር የሚነበበው ታሪክ



ስለ አገር ታሪክ በተነሣ ቁጥር ሐሳባችን ወደ አክሱም ሐውልት፥ ወደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና ወደ ጎንደር ግንብ ይሮጣል። እነዚህ የታሪካችን አክሊሎች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፥ በየቀዬአችን ያለውንና በእግራችን ደርሰን የምናየውን ታሪክ ችላ ብለነዋል። ስለዚህ ዛሬ አንባቢን ወደ ወላይታ ምድር ይዘን፥ በበዴሳ ዙሪያ ባለው ሜዳና ጸጥ ባሉት መንደሮች መካከል ቀስ እያልን እንራመዳለን።

በዴሳ የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የዳሞታ ተራራ ጎልቶ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ምድሩ ዝቅ እያለ ወደ ብላቴ ወንዝ ይወርዳል። ብላቴ ከሰሜን፥ ከጉራጌና ከሐዲያ ደጋ ተነሥቶ የወላይታን ምሥራቃዊ ጠርዝ እየታከከ አባያ ሐይቅ ይገባል። የአባያ ውኃ ቀላ ብሎ የሚታየው ወንዞቹ ይዘውት በሚገቡት ደለል የተነሣ ነው። ይህን ያወቀ እግረኛ የሜዳውን ልስላሴ ምሥጢር ይረዳዋል፤ ይኸውም ከተራራው የታጠበው አፈር ስፍር ቁጥር በሌለው ዘመን እየወረደ የስምጥ ሸለቆውን ወለል ስለ ሞላው ነው። እንግዲህ የሚረገጠው መሬት ራሱ ከላይ የመጣ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ መንደሩ ስንገባ አስቀድሞ የሚቀበለን በቤቱ ፊት ያለው ንጹሕ የሣር ደጅ ነው። የጥንቱ የወላይታ ቤት የሣር ክዳኑ እስከ መሬት የሚደርስ ክብ ቤት ነው፤ ዛሬ ግን የቆርቆሮው ክዳን በርክቷል። ከጓሮው እንሰቱ ተሰልፎ ይታያል። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ዝናብ ቢቀር እንኳ ከነሥሩ የቆመ ጎተራ ነው። የወላይታ ገበሬ ለቤቱ የሚቀርበውን በከብት ፍግ የዳበረ ማሳ «ዳርኮዋ» ይለዋል፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ያለውን ፍግ የማይደርሰውን ማሳ ደግሞ «ሾቃ» ይለዋል። ከመንገዱ ዳር ቆሞ የአፈሩን ቀለም ያስተዋለ ሰው፥ ጥቁሩ በምን ቦታ አልቆ ቀዩ ከየት እንደሚጀምር በዓይኑ ለይቶ ያያል። ያ ድንበር የትውልድ ድካም የጻፈው ነው። አባት ከልጅ ልጅ እየተቀባበሉ ፍግ በቅርጫት ተሸክመው ባያፈሱ ኖሮ ጥቁሩ አፈር ባልተገኘ ነበር።

የዚህ ምድር መንግሥት ታሪክም ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ነው። የወላይታ ሽማግሎች የነገሥታቱን ተራ በሁለት ሥርወ መንግሥት፥ በወላይታ ማላና በትግሬ ማላ ከፍለው ይናገራሉ፤ ንጉሡም «ካዎ» ይባል ነበር። ነገሥታቱ አገራቸውን ከጠላት ለመከላከል በየድንበሩ ካብና ጥልቅ ጉድባ አሠርተው ነበር። የካዎ አማዶ ኬላና የካዎ እጃጆ ኬላ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። ኬላ መኖሩ በሩን የሚጠብቅ፥ መንገደኛውን የሚጠይቅና ቀረጥ የሚቀበል ሹም መኖሩን ያስረዳል። ስለዚህ በዚህ አገር መንገድ ማለት ከጥንት ጀምሮ የመንግሥት ጉዳይ ነበረ።

በ1887 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በመሩት ዘመቻ የወላይታ መንግሥት ወደቀ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦናም ቆስለው ተማረኩ። ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ ከዘመቻው ጋር ተጉዞ ያየውን በመጽሐፍ አሳትሞታል። ያ ጦርነት ለወላይታ ሕዝብ እጅግ መራራ እልቂት ነበረ፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰውም ይህን ሸፍኖ ማለፍ አይገባውም። ከዚያ በኋላ ገበሬው ገባር ሆኖ፥ ከምርቱ የመሬቱን ጌታ ድርሻ ተሸክሞ የሚወጣ ሆነ። ይህም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ በልዩ ልዩ መልክ ቆየ። ዛሬ ልጆች ደብተር ይዘው የሚሮጡበት ቀጭን መንገድ አያቶቻቸው ሸክም የጎበጡበት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያሻል።

ወደ ብላቴና ወደ አባያ የሚወርደው ቆላ ለብዙ ዘመን ሰው የሳሳበት ነበር። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ አንደኛው ሰውን የሚጥለው ወባ፥ ሁለተኛው ከብትን የሚፈጀው የገንዲ በሽታ። ደጋው በሰው ሲጣበብ ግን ዓይን ወደ ቆላው መመልከቱ አልቀረም። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው፥ በዓለም ባንክ ብድር የታገዘውና «ዋዱ» ተብሎ የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ከሥራዎቹ አንዱ የደጋ ቤተ ሰቦችን በአባያ አቅራቢያ በአበላ ማስፈር ነበር። እግረኛው ይህንን ልዩነት በመንገዱ ያውቀዋል። የጥንቱ መንገድ ከደጅ ወደ ደጅ፥ ከምንጭ ወደ ዋርካ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ በሰፈራ የመጣው ግን በገመድ ተለክቶ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። አንዱን ጎረቤት አወጣው፥ ሌላውን መሐንዲስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ በእግር የሚነበብ መጽሐፍ ገጹ እየተቀደደ ነው። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው ምድሮች አንዱ ነው፤ ለአምስት ወንድማማች የማይበቃ ማሳ የተረከበ ወጣት፥ የመንገዱን ዳር በአንድ ክንድ ቢገፋ ልንፈርድበት አንችልም። ነገር ግን የዚህኛው ክንድና የዚያኛው ክንድ ሲገናኙ መንገዱ ይጠፋል። ከብት ወደ ውኃ፥ ሬሳ ወደ መቃብር፥ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰድበት ሲጠብ በጎረቤት መካከል ጠብ ይነሣል። የቀረውን ደግሞ ጎርፍ የሚቆርሰው ቦረቦር ይወስደዋል፤ የመንገዱ ዳር ሣር ሲታረስ ውኃውን የሚያዘገየው አይኖርምና።

ሌላውስ ዓለም ምን አደረገ? በእንግሊዝ አገር በስተ ምሥራቅ ረግረግ የነበረ ሰፊ ሜዳ አለ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ቨርሙይደን የተባለ ሆላንዳዊ መሐንዲስ ቦይ አስቆፍሮ አብዛኛውን አደረቀው። ዛሬ በዚያ ሜዳ ሰዎች በቦዩ ዳርና በመንደሮቹ መካከል ለደስታቸው ይራመዳሉ። መሬቱ የባለ ርስት ቢሆንም፥ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሕግ የየአገሩ አስተዳደር የሕዝቡን የእግር መንገድ ሁሉ በካርታ እንዲመዘግብ ስላዘዘ፥ መንገዱን አርሶ ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ካርታ፥ እርሳስና የሚያስታውስ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ይህም እኛን የሚያቅተን አይደለም።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የዕረፍት ቀን ባገኘህ ጊዜ ተነሥና ተራመድ። የተዘራ ማሳ አትርገጥ። በደጁ የተቀመጠውን አባት ሳታናግር አትለፍ፤ «ሳሮ» ብለህ በአገሩ ቋንቋ ሰላምታ ስጥ። ይህ መንገድ ወዴት ያደርስ ነበር፥ ይህ ዋርካ ምን ጉባኤ ያየ ነው ብለህ ጠይቅ፤ የነገሩህንም ቀኑንና ቦታውን ጨምረህ ጻፍ። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ይዘው የየቀበሌውን መንገድ ከነስሙ ቢመዘግቡ፥ የዛሬውን ጠብ ያበርዳሉ፤ ለነገው ታሪክ ጸሐፊም ስንቅ ያኖራሉ። የሚያስታውሱት ሽማግሎች ሳያልፉ፥ መንገዱም ሳይታረስ፥ ሥራው ዛሬ ይጀመር።