181 ዓመት ስም ስትጠብቅ የኖረች ጥንዚዛ

በሴፕቴምበር 1832 ቢግል የምትባል የእንግሊዝ መርከብ አርጀንቲና ጠረፍ፣ ባሂያ ብላንካ ደረሰች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከተሳፋሪዎቿ አንዱ የ23 ዓመት ወጣት ነው። አባቱ ሐኪም ሊያደርጉት ሞክረው አልሆነም፤ በኋላ ደግሞ ቄስ ይሆናል ብለው ካምብሪጅ አስገቡት። ልጁ ግን ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስሙ ቻርልስ ዳርዊን ይባላል።

ያኔ ዳርዊን ገና ታዋቂ አልነበረም፤ የለየለት የጥንዚዛ ሱሰኛ ግን ነበር። ካምብሪጅ ሳለ አንድ ቀን የዛፍ ልጥ ሲልጥ ሁለት ብርቅ ጥንዚዛዎች አገኘና በሁለቱም እጁ ያዘ። ወዲያው ሦስተኛ አየ። ምን ያድርግ? በቀኝ እጁ የያዘውን አፉ ውስጥ ጨመረው! ጥንዚዛው የሚያቃጥል ፈሳሽ ምላሱ ላይ ለቀቀበት፤ ተፋው፣ ሦስተኛውም አመለጠው። ይህን የጻፈው ራሱ ነው፣ በግል ታሪኩ ውስጥ።

ባሂያ ብላንካ አካባቢ ዳርዊን ያገኘው ትልቁ ነገር አጥንት ነበር። ፑንታ አልታ በሚባል ቦታ ከባሕሩ ዳር ከምድር የጠፉ ግዙፍ አጥቢዎችን ቅሪት ቆፍሮ አወጣ። አጥንቶቹ በሣጥን ታሽገው ወደ እንግሊዝ ተላኩ፣ የከተማው ወሬም ሆኑ። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው አካባቢ፣ አንዲት ጥንዚዛም ያዘ። ስለ እሷ ማንም ምንም አላለም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ፦ ዳርዊን የሰበሰበውን ሁሉ ራሱ አላጠናም። አጥንቱን ለሪቻርድ ኦወን፣ ወፎቹን ለጆን ጉልድ፣ ዓሣዎቹን ለሊዮናርድ ጄኒንስ ሰጠ። የሥራቸው ውጤት ከ1838 እስከ 1843 በአምስት ክፍል ታተመ፦ የጠፉ አጥቢዎች፣ በሕይወት ያሉ አጥቢዎች፣ ወፎች፣ ዓሣዎች፣ ተሳቢዎች። ነፍሳት ግን የራሳቸው ክፍል አላገኙም። የሰውዬው የመጀመሪያ ፍቅር ጥንዚዛ ሆኖ ሳለ ከአምስቱ ጥራዝ አንዱም የጥንዚዛ አይደለም። ነፍሳቱ በተለያዩ ባለሙያዎች እጅ ተበታተኑ። የእኛዋ ጥንዚዛ በመርፌ እንደተሰካች ለንደን፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ቀረች።

የምትመደበው ስታፊሊኒዴ በሚባለው ቤተሰብ ነው። እነዚህ ጥንዚዛዎች ጠንካራው የላይኛው ክንፋቸው አጭር ስለሆነ ሆዳቸው አይሸፈንም፤ ላላወቀ ሰው ጥንዚዛም አይመስሉ። እስካሁን ስም ያገኙት ዝርያዎች ብቻ ከ60,000 በላይ ናቸው። እንዲህ ባለ ብዛት ውስጥ አንዲት ነፍሳት ብትረሳ አይገርምም።

«ስም መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለጥንዚዛ ግን መልአክ አይመጣም፤ የሚመጣው ማይክሮስኮፕ ያለው ትዕግሥተኛ ሰው ነው። አንድን ዝርያ መግለጽ ማለት ናሙናውን ከዘመዶቹ ጋር እያነጻጸሩ፣ አንቴናውን፣ ክንፉን፣ የመራቢያ አካሉን ሳይቀር መርምሮ በምን እንደሚለይ መጻፍ ነው። ከዚያ አንድ ናሙና ሆሎታይፕ ተብሎ ይመረጣል፤ ወደፊት ጥርጣሬ ሲነሳ ሁሉም የሚመለሰው ወደ እሱ ነው። ስሙም በሕጉ መሠረት ይታተማል። ይህ እስኪሆን ድረስ ነፍሳቱ መሳቢያ ውስጥ ብትኖርም ማንም ሊጠቅሳት፣ ሊፈልጋት፣ ጠፋች ብሎ ሊያዝንላት አይችልም።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፣ ይህ ነገር አዲስ አልሆነብኝም። ዳታው አለ፣ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጧል፣ ግን ማንም ስም ስላልሰጠው ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፣ ማወቅ ደግሞ ሌላ።

ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው በመጨረሻ መጣ። ስቲሊያኖስ ቻትዚማኖሊስ ይባላል፤ አሜሪካ፣ ቻታኑጋ በሚገኘው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የእነዚህ ጥንዚዛዎች ተመራማሪ ነው። ከለንደኑ ሙዚየም በውሰት በመጡለት ነፍሳት መካከል አንዷ ዓይኑን ሳበችው። ጭንቅላቷና ደረቷ አረንጓዴና ሰማያዊ ያብለጨልጫል፤ አንቴናዋ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ዝርያዋ ብቻ ሳይሆን ጂነሷም አዲስ ሆነ። ሰብሳቢዋም ዳርዊን ሆኖ ተገኘ።

ጥናቱ የታተመው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2014፣ ዳርዊን በተወለደ በ205ኛ ዓመቱ ዕለት ነው። ስሟ ዳርዊኒሉስ ሴዳሪሲ ተባለ። የመጀመሪያው ለዳርዊን ነው፤ ሁለተኛው ለአሜሪካዊው ቀልደኛ ጸሐፊ ለዴቪድ ሴዳሪስ። ለምን ሴዳሪስ? ተመራማሪው ናሙናዎቹን ሲያዘጋጅ የሱን መጻሕፍት በድምፅ ያዳምጥ ስለነበር። ሥራው ምን ያህል ረጅምና ብቸኛ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚነግረን ያለ አይመስለኝም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። ግን ከዳርዊኗ ሌላ የታወቀችው ናሙና አንዲት ብቻ ናት፦ ከ1935 በፊት እዚያው አርጀንቲና፣ ሪዮ ኳርቶ ላይ ተይዛ በርሊን ሙዚየም የተቀመጠች። ጥናቱ እስከታተመበት ድረስ ከዚያ ወዲህ የተያዘች አልታወቀችም። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ምድርም አብዛኛው እርሻ ሆኗል። ተመራማሪው ተስፋውን ባይቆርጥም፣ ዝርያዋ ከምድር ጠፍታ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል።

ምናልባት ስሟን ያገኘችው ከሞተች በኋላ ነው። ምናልባት ደግሞ አሁንም አርጀንቲና ሜዳ ላይ ከአንድ ድንጋይ ሥር አለች። ልዩነቱ፣ ዛሬ አንድ ሰው ያንን ድንጋይ ቢያነሳ የሚፈልገውን ያውቃል። ለ181 ዓመት ይህን እንኳ ማድረግ አይቻልም ነበር።

ዳርዊን በ1882 ሲሞት እሷ መሳቢያዋ ውስጥ ነበረች። በዓለም ሙዚየሞች ዛሬም ስም የሚጠብቁ ነፍሳት ሞልተዋል። የያዟቸው ሰዎች ድካማቸውን ጨርሰዋል፤ የቀረው ቁጭ ብሎ የሚያያቸው ሰው ነው።