ጋሪውን ማን ይመልሰው?

አሜሪካኖችን የሱፐርማርኬት ጋሪ አማሯቸዋል። ሰው ዕቃውን እየገፋ ሰፈሩ ይወስድና ጥግ ላይ ይጥለዋል። ካሊፎርኒያ ሕግ አወጣች፤ ባለቤቱ ተነግሮት በ3 የሥራ ቀን ካላነሳ፣ ከተማው ወስዶ ያስከፍለዋል። ሁሉም የሚጠቀምበትን ነገር ማን ይጠብቅ? ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

መንዝ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መልስ ነበረው። የጓሳ ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ከብት ይቀልባል። ታዲያ እንዳያልቅ ቄሮ (የቅርቡን የወጣቶች ስም እንዳይመስላችሁ) የሚባል ሥርዓት ነበር። ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፍታል። ደፍሮ የገባ ይቀጣል።

በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ወጣ። ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ወደቀ። ድሮ መብት ያልነበራቸው ሰዎች መግባታቸው ፍትሕ ነበር፤ ጠባቂ ግን አልተተካም፣ ሜዳውም ተጎዳ። ኋላ ላይ ነዋሪው ራሱ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰ፤ የአማራ ክልልም በ2000ዎቹ ዓ.ም በሕግ አወቀለት።

እናንተስ? የኮንዶሚኒየማችሁ ደረጃ አምፖል ሲቃጠል ማን ይቀይረዋል?